ስለቱን ሳይከፍል የጸለየ ሰው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ኅዳጉ ተስተካክሎ፣ አንቀጹ በተራ ቁጥር ተከፋፍሎ የመጣ ነው። ጸሐፊው በምን እንደሚተዳደር ከሁለተኛው መስመር ሳላልፍ ገምቼ ነበር። ረዘም ያለ ስለሆነ ቁጥሮቹን አውጥቼ፣ ማንነቱን የሚያሳብቀውን ትቼ አሳጥሬዋለሁ።

«ለተከበሩ እትዬ። እንደ ልጅዎ ቆጥረው አንተ ይበሉኝ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር እጽፋለሁ። አባቴም በዚሁ ሥራ ነው ያሳደገን፤ እርሱ በጽሕፈት መኪና፣ እኔ በኮምፒውተር። ፍቺ፣ ውርስ፣ ቀለብ፣ የቤት ክርክር ነው የምጽፈው። ሰው እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ መልክ አስይዤ አሰፍረዋለሁ። ለሰው ልመና መጻፍ አያቅተኝም። ለራሴ ሲሆን ግን አፌ ይያዛል።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ልጄ በሕፃንነቷ ክፉኛ ታማ ሳለ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ወድቄ፣ ‹ብታተርፍልኝ ባለ ዘርፍ የከፋይ ጥላና ጧፍ አስገባለሁ› ብዬ ተሳልሁ። ልጄ ዳነች፤ አሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥላውን ግን አላስገባሁም። መጀመሪያ ገንዘብ አጣሁ። ገንዘቡ ሲገኝ ሌላ ጉዳይ መጣ። ኋላ መጠጥ ያዘኝ፤ እርሱን እንኳ በእግዚአብሔር ቸርነት ትቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርሁና በዚያ መንገድ ማለፍ አቆምሁ።

አሁን እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ‹ጸልይልኝ› ትለኛለች። ማለዳ ማለዳ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ እየመጣሁ ከአጥሩ ውጭ እቆምና፣ አንድ ቃል ሳልናገር ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። መጽሐፉ ‹ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል› ይላል። የፊተኛውን ያልከፈለ ሰው በምን አፉ ሁለተኛ ይለምናል? ሰባኪዎች ‹ወደ እግዚአብሔር በድፍረት ቅረቡ› ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ብቀርብ ግን ዓይን አውጣነት የሚሆን ይመስለኛል።»

ልጄ፣ ጥላውን አስገባ።

ከዚህ የጀመርሁት ወደድህም ጠላህም መነገር ስላለበት ነው። «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ብዬ አላልፈውም። ተሳል ብሎ ያስገደደህ ሰው አልነበረም፤ የለመንኸውም ተሰጥቶሃል፤ ይኸው ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። ዋጋው ከአቅምህ በላይ ከሆነ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው፣ አይደነግጡም። ከፋይ ያልሆነ፣ ዘርፍ የሌለው ጥላም ቢሆን ፀሐይ ይከላከላል። ይህን በዚሁ እንለፈው።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። አንተ በሙያህ ፈጽሞ የማታደርገውን ነገር በራስህ ላይ አድርገሃል፤ ሁለት የማይገናኙ መዝገቦች አጣምረሃል። አንዲት ባለጉዳይ መጥታ «የቤት ኪራይ ውዝፍ ስላለብኝ ለልጄ ቀለብ መጠየቅ አልችልም» ብትልህ ምን ትላታለህ? «እናቴ፣ ያ ሌላ ይህ ሌላ ነው» ትልና ንጹሕ ወረቀት ታወጣለህ። የጥላው ዕዳ አንድ መዝገብ ነው፤ የእናትህ ሕመም ሌላ ነው። እርሳቸው ጥላ አልተሳሉም። በአንተ ውዝፍ የእርሳቸው ልመና ለምን ይታገዳል?

«የሚለምነው ያው ባለዕዳው እኔ ነኝ እኮ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እንግዲያው ያዕቆብን እንጥራው፤ እርሱም ስለት የነበረበት ሰው ነው።

ያዕቆብ ወንድሙን ሸሽቶ ሲሄድ መንገድ ላይ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ አደረ። ሕልሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማለዳ ተነሥቶ የተሳለውን ግን አብዛኛው ሰው ዘሎ ያልፈዋል። ዘፍጥረት 28 ላይ ነው። እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ቢሆን፣ የምበላው እንጀራና የምለብሰው ልብስ ቢሰጠኝ፣ ወደ አባቴ ቤት በደኅና ብመለስ፣ ይህ የተከልሁት ድንጋይ የእግዚአብሔር ቤት ይሆናል፣ ከሰጠኝም ሁሉ ዐሥራት እሰጣለሁ አለ። ባለ ቅድመ ሁኔታ ስለት ነው፤ ካንተው ስለት የተለየ አይደለም።

ከዚያ በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት ኖረ። እንጀራውን በላ፣ ልብሱን ለበሰ፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ በጉና ግመሉ በዛለት። ሲመለስ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። እጅግ ፈራ፤ ሰዎቹንም ከብቱንም በሁለት ወገን ከፈላቸው። ስለቱ ገና አልተከፈለም። በዚያች ሰዓት ጸለየ፤ ዘፍጥረት 32፣ ከቁጥር 9 እስከ 12።

ያንን ጸሎት አንተ በሙያህ ዓይን እንድታነብልኝ እፈልጋለሁ። ሲጀምር «ወደ ምድርህ ተመለስ ያልኸኝ አንተ ነህ» ይላል። ቀጥሎ ከተደረገለት ምሕረት ትንሹ እንኳ እንደማይገባው ያምናል፤ ዮርዳኖስን የተሻገረው በትሩን ብቻ ይዞ እንደነበር ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ «ከወንድሜ ከዔሳው እጅ አድነኝ»። ለምን? «እፈራዋለሁና»። መጥቶ እናትን ከልጆች ጋር እንዳያጠፋ ነው የፈራው። ሲዘጋም «መልካም አደርግልሃለሁ ብለህ ነበር» ብሎ የተገባለትን ቃል ይጠቅሳል። አለቀ። አንተ ከዚህ የተሻለ ራፖር ጽፈህ ታውቃለህ? ፍሬ ነገሩ አለ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት አለ፣ መሠረቱም አለ። መሠረቱ ግን ያዕቆብ አይደለም። «ይህን ያህል ዘመን በጎችህን ጠብቄአለሁ» አላለም፤ «ስለቴን ልከፍል ተቃርቤአለሁ» እንኳ አላለም። የተመረኮዘው በሰማው ቃል ላይ ብቻ ነው።

ሕግ የለመደ ሰው ስለሆንህ እዚህ ላይ ታቋርጠኛለህ፤ «እትዬ፣ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም፤ ገና አባቱ ቤት አልገባም ነበር» ብለህ። ልክ ነህ፣ በዚያች ሌሊት ጊዜው አልደረሰበትም። ነገር ግን ቀጥለህ አንብብ። ዔሳው አቅፎ ሳመው፤ አደጋው አለፈ። ያዕቆብስ ስለቱን ወደ ተሳለበት ስፍራ፣ ወደ ቤቴል ሄደ? አልሄደም። ሴኬም አጠገብ መሬት ገዝቶ ድንኳኑን ተከለ። ያ ሁሉ መዓት፣ የልጁ የዲና መደፈርና ወንድሞቿ ያፈሰሱት ደም፣ በቤቱ ላይ የመጣው እዚያ ተቀምጦ ሳለ ነው። ስለቱን ያስታወሰው ማን ሆነ? ምዕራፍ 35 ሲከፈት እግዚአብሔር ራሱ «ተነሥተህ ወደ ቤቴል ውጣ» አለው፤ ከወንድሙ በሸሸ ጊዜ ለተገለጠለት አምላክ መሠዊያ እንዲሠራ። ቍጣ የለበትም፣ ወለድ አልታሰበም። ያዕቆብም ለቤተሰቡ ሲናገር የሚሄደው በመከራው ቀን ወደ ሰማው አምላክ እንደሆነ ነገራቸው። ቅደም ተከተሉን አስተውል፤ መጀመሪያ ተሰማ፣ ኋላ ከፈለ። አንተ ገልብጠህ ይዘኸዋል፤ ካልከፈልሁ አልሰማም ብለሃል። ምሕረት በቅድመ ክፍያ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ልጅህም ያኔ ባልተረፈች፤ ያኔም እኮ አልከፈልህም።

አሁን ወደ ዕብራውያን መልእክት እንምጣ፤ ሰባኪዎቹ የሚጠቅሱልህ ከዚያ ነውና። ምዕራፍ 4፣ ቁጥር 16 እንዲህ ይላል፤ «እንግዲህ ምሕረትን እንድንቀበል በሚያስፈልገንም ጊዜ የሚረዳንን ጸጋ እንድናገኝ ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ»። ብዙ ጊዜ ይህች ቁጥር ብቻዋን ተነጥላ ትነበባለች። ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥር 15 ግን ለምን መቅረብ እንደምንችል ይናገራል፤ በድካማችን የሚራራልን፣ ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ሊቀ ካህናት አለንና። «እንግዲህ» የተባለው ስለዚህ ነው። አንተ ጠንካራ ሆነሃልና ቅረብ አላለም። ደግሞ የሚቀርበው ሰው ምን ሊቀበል ነው የሚሄደው? ምሕረት። ምሕረት የሚያስፈልገው ለማን ነው? ሁሉን ከፍሎ ደረሰኙን ለያዘ ሰው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በደሃ ደንብ የሚቀርብ ማመልከቻ ጽፈህ አታውቅም? መቼም ጽፈህ ይሆናል። ጎረቤቴ የውርስ ክርክር ሲገጥማት አጽፋለች፣ ያወቅሁት በእርሷ ነው። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን በቃለ መሐላ አረጋግጦ ክሱ ሳይከፍል እንዲታይለት ይጠይቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይህን ይፈቅዳል። እዚያ ማመልከቻ ላይ ባለጉዳዩ ያለውን አብዝቶ አይጽፍም፤ የሌለውን ነው የሚዘረዝረው፤ ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ ገቢዬ ይህን ያህል ብቻ ነው እያለ። በሩን የሚከፍትለት ያው ማጣቱ ነው። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ቀራጭ የገባው በዚሁ ደንብ ነው። ፈሪሳዊው ጾሙንና ዐሥራቱን ቆጠረ፤ ቀራጩ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ታውቀዋለህ።

ቀራጩ የቆመው በሩቅ መሆኑንም ልብ በል። ዓይኑን እንኳ ወደ ሰማይ አላነሣም። ስለዚህ አንተ ከአጥሩ ውጭ በመቆምህ አልወቅስህም፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጥር ላይ ግንባሩን አስደግፎ የሚውል ሰው ሞልቷል። እኔ ሰባ ደረጃን ወጥቼ በዚያ በኩል ሳልፍ በየጊዜው አያቸዋለሁ። ባለፈው አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ስታዲየም! ስታዲየም!» ሲል ቆየና በሩ ትይዩ ሲደርስ ጥሪውን አቋርጦ አማተበ፤ ወዲያው ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ መልስ ጭቅጭቅ ጀመረ። ጧፍ የምትሸጠዋ ልጅ ሳቀችበት። እኔ ግን በረዳቱ ቀናሁ። ሳይዘጋጅ፣ መልሱን እንደያዘ፣ ማንም ሳይጠራው ሰላም ብሎ ነው ያለፈው። አንተን የምወቅስህ በመራቅህ አይደለም፣ ዝም በማለትህ ነው። ቀራጩ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ግን ተናገረ።

የቆምህበትን ስፍራ ደግሞ አስበው። በዚያ አጥር ውስጥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ዘውድ ጭነዋል። በእነዚያ ቀናት ወደ ዙፋን የቀረበው ስሙ ተጽፎ የተጠራ፣ ማዕረጉ ተለክቶ ቦታ የተሰጠው ሰው ነው። በዘሌዋውያን 16 የተጻፈው ከዚያም ይጠብቃል። አሮን ራሱ፣ ሊቀ ካህናቱ፣ በፈለገ ጊዜ ሁሉ ወደ መጋረጃው ውስጥ እንዳይገባና እንዳይሞት ተነግሮታል። የሚገባው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ደም ይዞ፣ በዕጣን ጢስ ተከልሎ። የዕብራውያን ጸሐፊ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው «እንቅረብ» ያለው። መንገዱ ቀላል ስለሆነለት አይደለም፤ በምዕራፍ 10 እንደሚለው በኢየሱስ ደም ተከፍቷል ብሎ ስላመነ ነው። ስለዚህ መቅረብ ዓይን አውጣነት ነው ስትል ነውሩ የሚደርሰው በራስህ ላይ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን በከፈተው ላይም ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እንደሆነ ይቅር በለኝ፤ ‹አንተ ይበሉኝ› ባልኸኝ መጠን ነው እንደ እናት የተናገርሁህ።

አሁን ምን ትላለህ? መጀመሪያ፣ አዲስ ስለት እንዳትሳል። አውቅሃለሁ፤ «ጥላውን ሁለት አደርገዋለሁ» የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብሃል። ተወው። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው እጁ ያልገባውን ይሰጣል፤ አንተ ደግሞ ይህን በራስህ አይተኸዋል። ሁለተኛ፣ ቃል ካጠረህ ዳዊት ደግመህ አፍህን አሟሸው። በእኛ ዳዊት 141ኛው፣ በሌላው አቈጣጠር 142ኛው መዝሙር አጭር ነው፤ ልመናዬን በፊቱ አፈስሳለሁ፣ መከራዬንም በፊቱ እናገራለሁ የሚል። ከዚያ የራስህን ቀጥል። የእናትህን የክርስትና ስም ጥራ። የትኛው ጎናቸው እንደሚያማቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ መድኃኒቱ ዋጋው እንዴት እንደከበደህ፣ እንዳይሞቱብህ መፍራትህን ሁሉ ተናገር። ባለጉዳይ ሲያድበሰብስብህ «በግልጽ ንገረኝ እንጂ» ትለው የለም? ስለ ጥላውም እዚያው ንገረው፤ ግን እንደ መያዣ አታቅርበው።

ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። የለመነው አልተሰጠውም፤ ሳይሰማ ግን አልቀረም። ሁለቱን የማያምታታ ሰው እናቱ አልጋ አጠገብ በእርጋታ መቀመጥ ይችላል። እርሳቸውም ይህን ነው የለመኑህ ይመስለኛል፤ ልጃቸው አጥር ጥግ እንደ ተከሳሽ ቆሞ እንዲውልላቸው አልለመኑም።

ልብህ እየከሰሰህ ቢያስቸግርህ 1ኛ ዮሐንስን አንብብ። ልባችን በእኛ ላይ ቢፈርድ እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል። ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ኃጢአት ላደረገ ሰው ከአብ ዘንድ ጠበቃ እንዳለው ተጽፏል። ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም አንተው ሆነህ የያዝኸውን ችሎት ለቀቅ አድርገው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ስድስት ኪሎ የምትማር ልጅ ናት።

«እትዬ፣ እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ አምድዎን ግን ሁልጊዜ አነባለሁ። በጸሎት ኅብረታችን ስለ ሥራ ስጸልይ ‹ፈቃድህ ከሆነ› ብዬ ጨረስሁ። የምትመራን እኅት አቋርጣኝ፣ ‹ይህ የጥርጥር ጸሎት ነው፤ በእምነት እዘዢ፣ የእኔ ነው ብለሽ አውጂ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት መጸለይ ፈራሁ። እውነት እምነት ስለሌለኝ ነው?»

የኔ ልጅ፣ የእኔና የአንቺ ቤት በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ዛሬ በምንስማማበት ላይ እንቆይ። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ የአንቺው ወገን ናት፤ ሌሊት ስትጸልይ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ትጮኻለች፣ አንዳንድ ቀን ስታለቅስ ብቻ ነው የምሰማት። በጮኸችበት ቀን እምነቷ በዝቶ፣ ባለቀሰችበት ቀን አንሶ ነበር ብዬ አላውቅም።

ማቴዎስ 8 ላይ ለምጻሙ ሰው መጥቶ ሰገደና «ጌታ ሆይ፥ ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» አለ። ያንቺው ጸሎት ነው፤ ፈቃድህ ከሆነ ማለቱ ነው። ጌታ አቋረጠው? እጁን ዘርግቶ ዳሰሰውና «እወድዳለሁ፥ ንጻ» አለው። ማርቆስ 9 ላይ ደግሞ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «ቢቻልህ እዘንልን» ብሎ ነበር። እርሱ ተገሥጿል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመሪሽ አሳያት። ለምጻሙ ኃይሉን አልተጠራጠረም፤ ውሳኔውን ነው ለባለቤቱ የተወው። አባትዬው ግን የሚችል መሆኑን ነው የተጠራጠረው። ያም ሆኖ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮኽ ልጁ ተፈወሰለት። የተገሠጸውም ባዶ እጁን አልሄደም።

ሠለስቱ ደቂቅስ? እቶኑ እየነደደ በንጉሡ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም «ባያድነን» እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። ያንን «ባያድነን» ጥርጥር ነው የሚል ሰው እሳቱ አጠገብ ሄዶ ይሞክረው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «አባ አባት ሆይ» ብሎ ጀምሮ የአንተ ፈቃድ ይሁን ብሎ ነው የጨረሰው። 1ኛ ዮሐንስ 5፣ ቁጥር 14 ደግሞ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፤ «በእርሱ ዘንድ ያለን ድፍረት ይህ ነው፤ እንደ ፈቃዱ አንዳች ብንለምን ይሰማናል»። ድፍረቱና ፈቃዱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

አንድ ነገር ግን ለመሪሽም እፈርዳለሁ። «ፈቃድህ ከሆነ» የምትለዋ ቃል አንዳንዴ መሸሸጊያ ትሆናለች። ባይሰጠን እንዳናፍር አስቀድመን ለዘብ አድርገን እንለምናለን፤ የምንፈልገውን በግልጽ ሳንናገር እንጨርሳለን። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ትሕትና መምሰሉ ብቻ ነው። ሥራውን ከፈለግሽው «ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ፣ ስጠኝ» በዪ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነም ጥሪው። ከዚያ በኋላ ለፈቃዱ ተዪው። ጌታም «ይህች ጽዋ ትለፍ» ሳይል ወደ ቀጣዩ አልሄደም። እኅትሽንም አትፍሪያት፤ የምትጸልዪው ለእርሷ አይደለም። ማመልከቻሽንም አስገቢ፤ ስሟን ጠርቶ የጸለየላትን ሥራ ሳያመለክት የቀረ ተማሪ ስለማውቅ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ጠያቂው አባት ከፒያሳ ተነሥተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ለሥራ አሁንም ፒያሳ ይመጣሉ።

«ድሮ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ቆሜ ነበር የዘወትር ጸሎቴን የማደርሰው። አሁን ጎሕ ሳይቀድ እወጣለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቄ፣ አንድ እጄ ብረት ይዞ ነው የምጸልየው። መድፈር አይሆንብኝም?»

አይሆንብዎትም፣ አባቴ። ነህምያ በንጉሡ ፊት የወይን ጠጅ አቅርቦ ቆሞ ሳለ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» አለው። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለይሁ ይላል፤ ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 4። አልተንበረከከም፣ ፊቱንም አላዞረም፤ ንጉሡ ጸሎቱን መስማቱን እንኳ እንጃ። ከእርስዎ ብረት ይልቅ የእርሱ ጽዋ ለመፍሰስ ይቀርብ ነበር።

ሆኖም ያች የትንፋሽ ያህል ጸሎት ብቻዋን አልመጣችም። ምዕራፍ 1ን ካዩት የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ ወሬ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ንጉሡ ፊት የቆመው በኒሳን። በመካከሉ ያሉትን ወራት ሲያለቅስ፣ ሲጾምና ሲጸልይ ነበር። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ቆመው አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይድረሱ፤ እርሷን አይተዉ። የቀረውን አውቶቡሱ ውስጥ ይቀጥሉ፤ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉት፣ ከጎንዎ ያለው ሰው የሌሊት ሥራ አድሮ ይሆናል። ስለ ምሥራቁ አይጨነቁ፤ አውቶቡሱ በየአደባባዩ ሲዞር ተከትለው ሊዞሩ አይችሉም። ወንበር ከተገኘም ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ለእሑዱ ቅዳሴ ያቆዩት።